የሰኞ ደንበኛ

«እንደ እውነቱ ከሆነ ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ነው» ሲል ሂላ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማችው። የሥራ ባልደረባዋ ኤሊራን ነው። ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ ሱቁ ከተከፈተ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላውም፤ እሷ ትናንት ያደሩትን የብርጭቆ ማንጠብጠቢያዎች አንድ በአንድ በአልኮል እያጠበች በነጭ ፎጣ ላይ ታሰልፋለች። ደንበኛዋ የመኪና ቁልፏን በጣቷ የምታሽከረክር፣ ከጎኑ ካለው ባንክ ለአፍታ ወጣ ያለች የምትመስል ሴት ናት። ኤሊራን ዑድ የሚባለውን የእንጨት ሽቶ ክንዷ ላይ ጠብ አድርጎላት ሁልጊዜ የሚሉትን ብሎላት ነበር። መጀመሪያ ቁጡ ነው፣ እንደማያውቅሽ ዘበኛ በር ላይ ይቆምብሻል፤ ሩብ ሰዓት ከታገሥሽው ግን ዝናብ የመታው የኮርቻ ቆዳ ይሆናል። ሴትዮዋ ስቃ «አንተ ባለቅኔ ነህ» አለችው። እሱም የማይገባውን ምስጋና መቀበል ስላልሆነለት እውነቱን ተናገረ። «ሰኞ ሰኞ ይመጣ ነበር። ከሥራው በቀጥታ፣ በሥራ ልብሱ። ክንዱን ይዘረጋልኛል፣ አንዱን እቀባዋለሁ፣ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሩብ ሰዓት ይጠብቃል፣ ከዚያ የሸተተውን ይነግረኛል። የኔ ሥራ መጻፍ ብቻ ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ሁሉ የእሱ ነው። ራሱ ግን ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር፣ ምስኪን።»

ሂላ ማንጠብጠቢያውን እንደያዘች ቀረች። አልኮሉ በጣቷ ላይ ወርዶ ክርኗ ድረስ ቀዘቀዛት።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ በሰሜን እስራኤል በአፉላ መሀል ከተማ በመነጽር ቤትና በኬክ ቤት መካከል የተሰነቀረ፣ ስፋቱ አራት እርምጃ የማይሞላ። በሦስት መደርደሪያ ላይ ሰማንያ አራት ቡናማ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ከነሱ ወደ ትንንሽ ብልቃጥ እየተቀዳ ይሸጣል፤ ሦስት ሚሊሊትር አርባ አምስት ሼቄል፣ ጽጌረዳና ዑድ ሲሆን ሰባ። ባለቤቱ ሞርዴካይ ዓርብ ዓርብ ብቻ ብቅ ይላል። ከመሸጫ ጠረጴዛው ሥር አረንጓዴ ደብተር አለ፤ እያንዳንዱ ቅባት ሰው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን የተጻፈበት። ሂላ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ታውቀዋለች። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት ነው ያጠናችው፤ አንድ ቅባት በሁለት ሰው ክንድ ላይ ለምን አንድ እንደማይሸት ማስረዳት ትችላለች። የቆዳው ሙቀት፣ ላቡ፣ ሰውየው የበላው፣ እጁ ሲነካው የዋለው። ነገር ግን ስለ ጃስሚን «ቶሎ ይስቃል፣ ቶሎ ይሄዳል» ብሎ መጻፍ አይሆንላትም፤ ስለ ነጭ ምስክ «ከሣጥን የወጣ አዲስ ጋቢ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም፤ ግን አዲስ ጋቢ ያገኘ ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል» ማለትም እንዲሁ። ለሁለት ዓመት ያህል ኤሊራንን በዚህ ስትቀናበት ኖራለች። አንዳንዴ አውቶቡስ ላይ ሆና ቃላቱን ለራሷ በአማርኛ ስትመልሳቸው ከዕብራይስጡ ይልቅ ያምሩባት ነበር፤ ወደ ቤታቸው የገቡ ይመስሏት ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አስባ አታውቅም።

ሴትዮዋ ዑዱን ሳትገዛ ቫኒላ ገዝታ ሄደች። ሂላ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወጣችና ምንም እንዳልሰማች ሆና ጠረጴዛውን መወልወል ጀመረች። ከዚያ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ ጠየቀች።

«ሽማግሌው ምን ይፈልግ ነበር?»

«የቱ? እ፣ የሰኞው?» ኤሊራን ሳቀ። «ሽንኩርቱን የሚያሸንፍ። በመጀመሪያው ቀን የጠየቀኝ እሱን ነው። 'ልጄ፣ ሽንኩርት የሚያሸንፍ አላችሁ?' ዕብራይስጡ እንደነገሩ ነው፤ ግን የሚለውን ያውቃል። ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንድ። አርባ ሁለት ዓይነት ሞክረናል፣ አንዱም አላሸነፈም። ለምን እንደዚህ እንደሚደክም ብጠይቀው ምን አለኝ መሰለሽ? 'ልጅ አለችኝ፣ አፍንጫዋ ስስ ነው' አለኝ።»

«ስሙን አልነገረህም?»

«'ስሜ ምን ያደርግልሃል፣ የሰኞ ደንበኛ በለኝ' አለ።» ኤሊራን መሳቢያውን ስቦ ጫፉ የተጣጠፈ አሮጌ ደብተር አወጣ። «ይኸውልሽ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ ይህ ነው። አረንጓዴው ላይ የገለበጥኩት አሳምሬ ነው፤ መጨረሻቸውን ቆርጬ። እይው።» ገለበጠችው። በእርሳስ የተጻፈ የኤሊራን ጥድፊያ የበዛበት ዕብራይስጥ ነው። ጽጌረዳ፦ እኔ ላይ አያምርም፤ የሰው ልብስ የለበስኩ ያስመስለኛል፤ በመጨረሻ ሽንኩርት። አምበር፦ ፀሐይ ላይ የዋለ የእህል ጎታ፤ በመጨረሻ ሽንኩርት። ጃስሚን፦ ቶሎ ይስቃል፣ ቶሎ ይሄዳል፤ ሽንኩርቱ ተቀምጦ ይሸኘዋል። «ይህን ማን ይገዛል?» አለ ኤሊራን። «ቆረጥኩት። ዓመት ሆነው መምጣት ካቆመ። ያኔ ከሚሉዪም፣ ከተጠባባቂ ጦር አገልግሎት ስመለስ፣ ሰኞን ጠበቅሁት፣ አልመጣም፤ የሚቀጥለውንም ጠበቅሁ። ጡረታ ወጥቶ ይሆናል።» ቀና ብሎ አያት። «ምነው? ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«አላውቀውም» አለች ሂላ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ፈጣን ነበር፤ ከዚያ መመለሻ አጣችለት። «አባቴ ነው» ማለት ሁለት ቃል ብቻ ነበር። ኤሊራን ግን ጥያቄ ያበዛል፤ «ታዲያ ለምን ሰኞን መረጠ? ሰኞ እኮ አንቺ የማትገቢበት ቀን ነው» ይላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የቀረውን መናገር ሊመጣ ነው። ጠረጴዛውን የወለወለችበትን ቦታ እንደገና ወለወለች።

የቀረው ይህ ነው። ካሴ፣ አባቷ፣ በአፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ተልጦ በከረጢት በሚታሸግበት መጋዘን አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ሽታው ከልብሱ አልፎ ከቆዳው ጋር ተላምዶ ነበር፤ ሻባት፣ በሰንበት እንኳ ታጥቦ ነጭ ለብሶ ሲቀመጥ ከጣቶቹ አይለቅም። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሂላ ሱቁ በገባች በሁለተኛው ወር፣ እናቷ ምንይሹ የጋገረችውን ዳቦ በከረጢት ይዞ ከሥራ በቀጥታ መጣ። ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ አንደኛዋ ጽጌረዳ ክንዷ ላይ ተቀብቶላት ሩብ ሰዓቱን የምትጠብቅ። ሴትዮዋ ክንዷን አንስታ አፍንጫዋ ላይ አደረገችና እንደዚያው ቆየች። ሂላ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥታ አባቷን በር ላይ አገኘችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባ፣ በዚህ ሽታ እዚህ አትግባ። ሥራዬ እኮ ነው» አለችው። በዕብራይስጥ ነበር ያለችው። ለምን በአማርኛ እንዳላለችው ብዙ ጊዜ አስባበታለች፤ ደንበኞቹ እንዲሰሙላት ነበር። እሱ እጆቹን ገልብጦ አያቸው። «እሺ ልጄ፣ ልክ ነሽ» አለ በአማርኛ፤ ዳቦውንም ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ደጁ ላይ፣ ደረጃው ላይ አስቀመጠው። እሷ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ማራገቢያውን አበራች። ማራገቢያው መዞር ሲጀምር እሱ መንገዱን ገና አልተሻገረም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አንዳቸውም አንስተውት አያውቁም። ምንይሹ የምትልከው ሲኖር ከመንገዱ ማዶ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሱቁ እስኪዘጋ ይጠብቃታል፤ አብረው በአውቶቡስ ወደ ጊቫት ሃሞሬ፣ ወላጆቿ ወዳሉበት ኮረብታ ሰፈር፣ ይወጣሉ፤ እሱ ስለ አየሩ ያወራል፣ እሷ «አዎ አባ» ትላለች። ነፋሻው ቦታ ይሻለው ይሆናል ብላ ራሷን አሳምና ነበር። ሰኞ የእሷ ዕረፍት ነው፤ እናቷን ለጉልበቷ ሕክምና ወደ ኩፓት ሆሊም፣ ወደ ጤና ጣቢያው ወስዳ አብራት ስትውል፣ እሱ «ሰኞ ተጨማሪ ሰዓት አለ» እያለ አምሽቶ ይገባል። እሷ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ተከራየችው ክፍሏ በምትወርድበት አውቶቡስ አጠገብ እሱ የሚወጣበት አውቶቡስ ያልፋል። አንድ ሁለቴ በመስኮት አይታዋለች፤ ክንዱን አፍንጫው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። እንቅልፍ የጣለው መስሏት ነበር። ባለፈው ዓመት በዚህ ሳምንት፣ መጋዘኑ ውስጥ ልቡ ቆመ።

ዛሬ ደግሞ የምንይሹ ጥቁር የሚወልቅበት ቀን ነው። በቤተሰባቸው ወግ ባሏ የሞተባት ሴት ዓመት ሙሉ ቅባት አይነካትም፤ ሽቶም እንዲሁ። ዓመቱ ሲሞላ ዘመድ ይሰበሰብና ከሏን ያወልቁላታል፣ ታጥባ ነጭ ትለብሳለች፣ ከዚያ አንድ ሰው ይቀባታል። አገር ቤት ለጋ ቅቤ ነበር፤ አፉላ ላይ ግን አናታቸውን ቅቤ ተቀብተው በማግስቱ ሥራ መግባት ያልቻሉ ሴቶች ስለበዙ ወጉ ቀስ እያለ ወደ ቅባት ሽቶ ዞረ። ያልተለወጠው እጁ ነው። የሚቀባው እጅ ሟቹ ቅር ያልተሰኘበት ሰው እጅ መሆን አለበት። ሟቹ ያዘነበት ሰው ከቀባ ሐዘኑ አይወጣም፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል ይላሉ። ምንይሹ የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ «ሂላ ናት የምትቀባኝ» ብላ ነበር፤ ብቸኛ ሴት ልጇ ናት፣ ሽቶም የምታውቀው እሷ ናት። ትናንት ማታ ግን ስልክ ደወለችና ስለ ወንበር፣ ስለ ድስት፣ ስለ ጎረቤት ብዙ ካወራች በኋላ «ዘቢደር አንድ ነገር ትላለች» አለች። ዘቢደር የካሴ ታናሽ እኅት ናት። «ምን ትላለች?» ስትላት «እንጃ፣ መጥታ ትናገር። አንቺ ብቻ በጊዜ ነይ» ብላ ዘጋች። ሂላ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተኛችም። ዘቢደር ምን እንደምትል ታውቅ ነበር።

ለእናቷ ያሰበችው ነጭ ምስክ ነበር፤ ንጹሕ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ለመውጣት ስትዘጋጅ ግን አሮጌውን ደብተር እንደገና ገለበጠችው። የመጨረሻው ገጽ ሰንደል ነው። «ደህና ሰው ነው፣ አይናገርም። ቤትህ ስትገባ ክንድህ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። ሽንኩርቱን አያሸንፈውም፤ ይታረቀዋል።» ከሥሩ ኤሊራን ለራሱ የጻፈው አለ፤ ይህን ገዛ፣ ሦስት ሚሊ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ አንሞክርም አለ። ቀኑን አየችው። ካሴ ከመሞቱ አራት ቀን በፊት ነው። የገዛው ብልቃጥ የት እንደደረሰ አታውቅም፤ መጋዘኑ ያስረከባቸው ልብስ ኪስ ውስጥም አልነበረም። ሰንደሉን ከትልቁ ጠርሙስ ቀዳች፤ ሙሉ ዋጋውን ከፍላ ደረሰኙን ቆረጠች። ኤሊራን «ለሠራተኛ ቅናሽ አለሽ እኮ» ሲላት «ይሁን» አለችው።

አውቶቡሱ ኮረብታውን ሲወጣ ብልቃጡን በመዳፏ ይዛ የምትለውን አሰናዳች። ዘቢደር ከጠየቀች አዎ ትላለች። አዎ፣ በር ላይ መልሼዋለሁ። ከዚያ እናቷን ሌላ ሰው ይቀባት። ይህን መወሰኗ ትንሽ አረጋጋት፤ ነገር ግን እናቷ በሰው ፊት፣ ነጭ ለብሳ፣ የተዘረጋ ክንዷን ስትሰበስብ በዓይነ ኅሊናዋ ታየቻትና ውሳኔው ጊቫት ሃሞሬ ሳትደርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ፈረሰ።

ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሦስት ክፍል፣ ጠባብ መተላለፊያ። ወንዶቹ ከሕንፃው ሥር ጥላው ላይ የፕላስቲክ ወንበር ደርድረዋል። ደረጃውን ስትወጣ ሽንኩርቱ ተቀበላት። ለሰው ሁሉ የሚበቃ ወጥ ሊሠራ ነው፤ ሁለት ከረጢት ሽንኩርት ሳሎኑ መሀል ፈሶ አሥራ አንድ ሴቶች ከበውታል፤ ግማሾቹ ሶፋው ላይ፣ ግማሾቹ ወለሉ ላይ፣ ሁሉም ቢላ ይዘው፣ ሁሉም ዓይናቸው እያነባ። የካሴ ፎቶ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሆኖ ያያቸዋል። ማን ለእሱ እንደሚያለቅስ፣ ማን ለሽንኩርቱ እንደሚያለቅስ የሚለየው አልነበረም፤ ጎረቤታቸው ማሬ «ካሴ ይህን ያህል ለቅሶ አለኝ ብሎ አላሰበም» ብላ ሴቶቹን እያሳቀች ነው። ሂላ ሰላም ስትል ሳቁ ቀነሰ።

«መጣች ሽቶ ሻጯ» አለች ዘቢደር፣ ከቢላዋ ቀና ሳትል። «አፍንጫሽን ያዢ የኔ ልጅ፣ እኛ እንሸታለን።»

«ደህና ዋልሽ እትዬ» አለች ሂላ። ቢላ ልትወስድ ጎንበስ ስትል ዘቢደር «ተይው፣ እጅሽ ንጹሕ ይሁን» አለቻት። ቁም ነገርም ነበረው፣ ሽሙጥም። ሂላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ከሴቶቹ መካከል እጇ ሽንኩርት ያልነካው እሷ ብቻ ነበረች።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሽንኩርቱ ወደ ማድ ቤት ገባ፤ ወለሉ ተጠረገ። ምንይሹም ስትከትፍ ውላ ነው ወደ መታጠቢያ ቤት የገባችው። ሁለት ዘመዶቿ ጥቁሩን አውልቀው ራሷን አጠቡላት፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳ በጉልበቷ ሕመም እያነከሰች ስትወጣ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። በዓመት ውስጥ ፀጉሯ ነጥቶ እንደነበር ሂላ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ምንይሹ መሀል ወንበር ላይ ተቀመጠችና ክንዷን ወደ ልጇ ዘረጋች።

«ቆይ» አለች ዘቢደር። «አንድ ነገር ልናገርና ከዚያ ይቀባ።» ተነሥታ ቆመች፤ አጭር፣ ደንዳና ሴት ናት፤ ዓይኖቿ የካሴ ዓይኖች ናቸው። «ወንድሜን ከሱቋ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን አይደለም። ዝናብ እየወረደበትም አይቼዋለሁ። 'ልጅህ እዚያ አይደለችም እንዴ፣ ለምን አትገባም?' ስለው 'እዚህ ይሻለኛል' አለኝ። ካሴ የሰው ደጅ የሚጠና ሰው ነበር? ካንድ ነገር በኋላ ነው። ያን ነገር ካወቅሽው ንገሪን፣ ምንይሹ። ካላወቅሽው ይህቺ ትንገረን። እጁ እንዲጣራ ነው፤ ሌላ አይደለም።»

ሴቶቹ ወለሉን አዩ። ከታች የወንዶቹ ወሬ ይሰማል፤ አንድ ሰው ስለ መኪና ማቆሚያ ያማርራል። ሂላ አፏን ከፈተች። አዎ ለማለት ነበር፤ አውቶቡስ ላይ ያሰናዳችው ቃል እምላሷ ላይ ነበር።

«ሌላ ቀን ማዶ ይቀመጥ ይሆናል» አለች ምንይሹ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ሰኞ ግን ይገባ ነበር።»

«ምን ሰኞ?»

«ሰኞ ሰኞ ነዋ። ከሥራ እንደወጣ ሱቋ ይገባል፣ ክንዱን ይዘረጋል፣ በገዛ እጇ ትቀባዋለች። ማታ መጥቶ ክንዱን አፍንጫዬ ላይ ያደርጋል፣ 'ዛሬስ ምን ይሸትሻል?' ይለኛል። አርባ ምናምን ሽቶ አሽትቻለሁ ዘቢደር፣ እኔ ራሴ በዚህ አፍንጫዬ። አንዱን ዘበኛ ነው ይለዋል፣ አንዱን አዲስ ጋቢ ነው ይለዋል፣ ያስቀኛል። ልጁ ካልቀባችው ታዲያ ማን ቀባው?»

ሂላ እናቷን አየቻት። ሰኞ ሰኞ ከእናቷ ጋር ነበረች። በየሳምንቱ ኩፓት ሆሊም ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ጠብቀዋል፤ ምንይሹ ይህን እንደ ስሟ ታውቃለች። ካሴ ሁሉንም ነግሯት ነበር ማለት ነው፤ ለምን ሰኞን እንደመረጠ፣ ምናልባትም በር ላይ የተባለውን። ዓመት ሙሉ፣ ከዚያም በፊት፣ ይህቺ ሴት ልጇን ስትቀበል፣ ስታበላ፣ ስትሸኝ ይህን ይዛ ነበር፤ ፊቷ ላይ ግን አንድም ቀን አልታየም። አሁንም አልታየም።

ዘቢደር ቀስ ብላ ተቀመጠች። «እኔ ምን አውቄ» አለች። «እኔ ምን አውቄ፣ ያ ዝምተኛ። ለእኅቱ አይናገርም?» ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ማሬ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ሴቶቹ አንድ በአንድ መመረቅ ጀመሩ፤ አባቷን የቀባች፣ እጇ የተባረከ፣ ወልዳ የሚቀባት ልጅ ይስጣት። ምርቃቱ ሲወርድባት ሂላ ቆዳዋ እየጠበባት መጣ።

«ኢማ፣ እኔ እኮ…» ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት። ያዘቻት ሲባል ጨበጠቻት ነው፤ እስኪያማት ድረስ።

«ቀቢኝ አልኩሽ» አለች ምንይሹ። «ገላዬ ሳይደርቅ።»

ሂላ ተንበረከከች። ብልቃጡን ከፍታ በእናቷ ክንድ ውስጠኛው ገጽ ላይ አንድ ጠብታ አሳረፈች፤ አላሸችውም፤ ሰንደል ሲታሽ ይሞታል። ሌላ ጠብታ በመዳፏ አሙቃ ነጩ ፀጉር ላይ አደረገች። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ሴቶቹም ጠበቁ። በመጀመሪያ የመጣው እንጨቱ ነው፤ ደረቅ፣ ለስላሳ፣ የተዘጋ ክፍል የመሰለ። ከዚያ የምንይሹ ቆዳ ሲሞቀው፣ ውሃ ያላስለቀቀው የቀኑ ሽንኩርት ከሥር ቀስ ብሎ ተነሣና አጠገቡ ተቀመጠ። ምንይሹ ክንዷን ወደ አፍንጫዋ አመጣች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ቆየች። ዘቢደር ከተቀመጠችበት ጎንበስ ብላ የወንድሟን ሚስት ክንድ አሸተተችና ቀና አለች።

«ይህማ ካሴ ነው» አለች። «ሰዎች፣ ይህ እኮ ካሴ ነው።» የራሷን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችና ሽንኩርት የነካካውን ክንዷን ለሂላ ዘረጋች። «እስቲ ለእኔም። ለወንድሜ ታደርጊለት እንደነበረው አድርጊልኝ።»

ለወንድሟ ታደርግለት እንደነበረው። ሂላ በክንዷ ላይ አንድ ጠብታ አሳረፈች፤ አላሸችውም። ከዚያ ማሬ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ከዚያ ከማሬ ጎን ያለችው። ከሶፋው ወደ ወለሉ እየተላለፈች፣ ተንበርክካ እየተነሣች፣ አሥራ አንድ ክንድ ቀባች፤ የወፈረ፣ የተሸበሸበ፣ የዘይት ጠባሳ ያለበት። እያንዳንዷ «እንደ አባትሽ አድርጊልኝ የኔ ልጅ» ትላታለች፤ እሷም ታደርጋለች። አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰኞ እንኳ አድርጋለት ብታውቅ ኖሮ እጇ እንዴት እንደሚደረግ ባወቀ ነበር። ሽታው ቀስ በቀስ ከክንዶቹ ተነሥቶ ክፍሉን ሞላ፤ ሰንደልና ሽንኩርት፣ ታርቀው። ካሴ ከሥራ መጥቶ በሩን ከፍቶ እንደገባ ዓይነት ነበር፤ አንዷ ሴት ወደ በሩ ዞር ብላ ስታይ ሂላ አየቻት።

ምንይሹ ከወንበሯ ሆና ታያታለች። ብትጠይቃት፣ አንድ ቃል ብትናገራት ብላ ሂላ ተመኘች፤ ምንይሹ ግን አትጠይቅም። ዛሬም አትጠይቅም፣ ነገም። ሂላ ይህን ያወቀችው የመጨረሻዋን ክንድ ስትቀባ ነው።

«ኧረ ይህ ሽንኩርት ሊገድለን ነው» አለች ማሬ ዓይኗን እየጠረገች። «ወጡም እየተቁላላ ነው፤ ትንሽ አየር ይግባ።» ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄዳ እጀታውን ያዘች።

«አትክፈቺው» አለች ሂላ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ባዶውን ብልቃጥ በጭብጧ ይዛ ወለሉ መሀል ተንበርክካ ነበር።

«አትክፈቺው» አለች እንደገና፣ በአማርኛ። «ይቆይ።»

ማሬ እጇን ከመስኮቱ ላይ አወረደች።